ሞተሩ አልወረደም፣ መኪናው ነው የተነሳው

"ሞተሩ ወርዶ ያውቃል?" ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህችን ሳይጠይቅ ቀብድ አይሰጥም። ሻጩ ደግሞ "በማርያም! ብሎን አልተነካም" ብሎ ይምላል። እኔ በመሐል ለምርመራ ተጠርቼ ኮፈን ከፍቼ የቆምሁ ሰው ነኝ፤ ዝም እላለሁ። ሻጩን ፈርቼ አይደለም። ኮፈን ተከፍቶ የሚታየው ነገር ሞተሩ ወርዶ እንደሆነ ስለማይናገር ነው። የሚናገረው ከስር ያለው ነው፤ ከስር ደግሞ ማንም ገዢ ልብሱን አቆሽሾ አይገባም።

መጀመሪያ ቃሉን ላፍታታው። እኛ ዘንድ ሞተር ሁልጊዜ "ይወርዳል"። ሂሉክስ ወይም ላንድክሩዘር ከሆነ ኮፈኑን ነቅለን፣ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አናታቸውን ጠፍረን፣ ፓራንኮ ሰቅለን፣ ሞተሩን በሰንሰለት ወደ ሰማይ ስናወጣው እንኳ "አወረድነው" ነው የምንል። አይሱዙ ሲሆን ጋቢናውን ወደ ፊት ደፍተን ከላይ እንስበዋለን፤ እሱም ወረደ ይባላል። የሚገርመው ግን ከስር የሚወጣው ነው። በእውነት ከስር የሚወጣ ሞተር አይወርድም። ባለበት ይቀመጣል፤ የሚነሳው መኪናው ነው። ይህን ለደንበኛ አንናገርም። "መኪናህን ከሞተሩ ላይ አንስተን ወሰድነው" ቢባል ማን ደስ ይለዋል?

አንዱን በቅርብ ላሳያችሁ። በሐምሌ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ዶልፊን ደምበጫን አልፎ እንፋሎት እየተፋ ፍኖተ ሰላም ደረሰና ጋራዣችን ግቢ ገባ። ተሳፋሪው በሌላ መኪና ሄዷል። ሹፌሩ "ጋሼ፣ ጓርኒሲዮን ብቻ ናት፤ ከሰዓት እወጣለሁ" አለኝ። እንዲህ የማይል ሹፌር እስካሁን አላጋጠመኝም። ነገሩ የተበላሸው እኛ ጋ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ወደ ደጀን ይወጣል። አቀበቱ ላይ ውሃው ይፈላል፣ ሹፌሩ ቆሞ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋበታል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ከደጀን ወዲህ ያለው መንገድ ሁሉ በዕዳ የተነዳ ነው።

የዶልፊን ሞተር ኮፈን ስር የለም፤ ጋቢናው ወንበር ስር ነው። ወንበሩን አንስተን ክዳኑን ከፈትን። 5ኤል ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 2986 ሲሲ፣ ማለትም ሦስት ሊትር ሊሞላ አሥራ አራት የቀረው ናፍታ። በዚያች መስኮት በኩል ቴስታታውን ከላይ ፈትተን አነሳን። እስከዚህ ሹፌሩ ልክ ነበር። በባትሪ ስናየው ግን የሦስተኛው ሲሊንደር ግድግዳ ድመት የቧጠጠችው መስሏል። ጥፍሬን ወደ ጎን አሳለፍሁበት፤ ያዘኝ። ጭረት ጥፍር ካልያዘ ይታለፍ ይሆናል፤ ከያዘ ግን ወሬ የለም፣ ብሎኩ ወጥቶ ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት።

ሹፌሩ ቡና ሊጠጣ ሲሄድ ሥራው ተጀመረ። (ስንሠራ ሹፌር አጠገባችን እንዲቆም አንወድም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትደርሱ ታውቁታላችሁ።) ባትሪው ቀድሞ ይፈታል። ውሃውና ዘይቱ ይፈሳል። ከዚያ የራዲያተር ቱቦዎች፣ የናፍታ መስመር፣ የነዳጅ መስጫ ሽቦ፣ የፍሪሲዮን መስመር፣ ማርሚታ፣ ትራስሚሲዮን። ልጆቹ እያንዳንዱን የኤሌክትሪክ ሶኬት ከመንቀላቸው በፊት በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ፤ በኛ ጊዜ በትዝታ ነበር የምንገጥም፤ ትዝታ ደግሞ ዕዳዋን የምታስከፍለው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ብሎኖቹ ወገባቸው በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ ሃይላንድ የካምቢዮ፣ አንዱ የሱፖርት፣ አንዱ የማርሚታ። ሃይላንድ ከተገለበጠ ቀኑ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ሰው የማያየው። ከሞተሩ ስር ላሜራ ዘረጋን። ላሜራው ላይ የጭነት መኪና ጎማ አስተኛን፣ ጎማው ላይ ጣውላ ደረደርን። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ የሚሳሳተው። ሞተሩን በዘይት ኮፓው ላይ ያስቀምጠዋል። ኮፓ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ከ200 ኪሎ በላይ ብረት ሲያርፍበት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ዘይት የምትስበዋ ወንፊት አፏ ይዘጋል። ሞተሩ ታድሶ፣ ተገጥሞ፣ ተነስቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዘይት ጥም ይሞታል። ሹፌሩ "ዕቃው ፎርጅድ ነበር" ይላል፤ መካኒኩም "አዎ ፎርጅድ ነው" ይላል። ዕቃው ምን በደለ! ስለዚህ ጣውላው ኮፓውን መሐል አስቀርቶ በብሎኩ ትከሻና በካምቢዮው ሆድ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ተደርጎ ይቆረጣል። እኛ ግቢ ለ5ኤል የተቆረጡ ሁለት ሞራሌዎች አሉ፤ ከመፍቻ ሳጥኑ በላይ የምጠብቃቸው እነሱን ነው።

ሞተሩ ጣውላው ላይ ተደላድሎ መቀመጡ ሲረጋገጥ የሱፖርት ብሎኖቹ ተፈቱ። አሁን ሞተሩና መኪናው የተለያዩ ናቸው፤ ግን ገና አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ሁለት ክሪክ በግራና በቀኝ ገባ። የጎጃም ቀይ አፈር በክረምት ምን እንደሚሆን የምታውቁት ናችሁ፤ ክሪክ ባዶ መሬት ላይ ከቆመ መኪናውን ሳይሆን ራሱን ወደ ታች ይነዳል። ከስሩ ወፍራም ጣውላ ይነጠፋል። አንድ ስንዝር ከፍ፤ የግንድ ጉማጅ በመስቀልኛ ርብራብ ይገባል። ሌላ ስንዝር፤ ሌላ ርብራብ። በግራ ያለው ከቀኝ ሁለት ጣት እንኳ መብለጥ የለበትም። አንድ ልጅ በጎኑ ተኝቶ፣ ባትሪ ይዞ፣ በሞተሩና በመኪናው መሐል ያለውን ክፍተት ብቻ ያያል። ሥራው መጮህ ነው። "ቁም! ሽቦ!" አለ። ሁልጊዜ አንድ ሽቦ ይረሳል። ከመቶ ዘጠና ጊዜ ሞተሩን ከአካሉ ጋር የምታገናኘዋ የኔጋቲቭ ገመድ ናት፤ ቀጭን ስለሆነች ማንም አይቆጥራትም። ያ ልጅ ባይጮህ እሷ ተበጥሳ ሌላም ይዛ ትሄድ ነበር።

የመኪናው ፊት ከሞተሩ አናት በላይ ሲሆን ላሜራው ላይ ካቦ ታሰረ። አራት ሰው ሳበ። ሞተሩ ጎማውን ተቀምጦ፣ ድፎ ዳቦ ከነኮባው ከምጣድ እንደሚወጣ፣ እየተንሸራተተ ወደ ብርሃን ወጣ። ሹፌሩ ከቡናው ሲመለስ መኪናው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ቆሟል፤ ሞተሩ ውጭ ተቀምጧል። "በምን አወረዳችሁት?" አለ። "በፓራንኮ" አለው አንዱ ረዳት፤ ፓራንኮው ግን ያን ቀን ከሳጥኑ አልወጣም። እንዲህ ያለ ውሸት ለክብር ነው። በጎማና በጉማጅ አደረግነው ማለት ድህነት ይመስላቸዋል።

እኔ ግን ድህነት አልለውም። አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ ጋራዦች ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት አላቸው። ቁልፍ ሲጫኑ መኪናው በአራት ክንድ ይነሳል፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ በጥርሱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከስሩ ባለ ጎማ የሞተር ጠረጴዛ ይገፋሉ፣ ሞተሩን ያሳርፉበታል፣ ብሎኑን ይፈታሉ፣ ከዚያ ሊፍቱን ከፍ። አያችሁ? እነሱም መኪናውን ነው የሚያነሱት። መሣሪያው በመቶ ሺዎች ብር ይበልጠን እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ሊፍቱ ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ሞተር ያለው መኪና ፊቱ ይከብዳል፤ ክንዶቹ የሚደገፉት ያንን ሚዛን አይተው ነው። ሞተሩ የወጣ ዕለት ክብደቱ በድንገት ወደ ኋላ ይዞራል። ጅራቱን ሳይደግፉ ሞተር ያወጡ ሰዎች መኪና ከሊፍት ላይ በጀርባው ሲገለበጥ አይተዋል። ሊፍት እንዲተከል ደግሞ ደህና ኮንክሪት ወለል ይፈልጋል፤ በእኛ ጭቃ ላይ ቢተከል በሰኔ ዘንብሎ በነሐሴ ይወድቃል።

ስለ መሣሪያ ካነሳን፣ ስሞቹን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ክሪክ፣ ፓራንኮ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ። ጣሊያን ከቡሬ ምሽግ በ1933 ዓ.ም ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ፤ ካምቢዮው ግን ቀረ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ደረጃውን ይዞ የሚመጣ ልጅ "ትራንስሚሽን" ይለኛል፤ እኔ ትራስሚሲዮን፣ ወደ ኋላ እግር የሚሄደውን ዘንግ፣ የሚለው መስሎኝ የተሳሳተውን ብረት አቀብለዋለሁ። እሱ ካምቢዮውን ማለቱ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ የተጣላን አለን።

አንድ ነገር ከኮሌጁ ልጅ ተምሬያለሁ። በፋብሪካ መኪና ሲሠራ ሞተሩ ከላይ አይገባም አለኝ። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የፊት እግሩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተሰናድተው ከስር ይጠብቃሉ፣ ባዶው አካል ከላይ ተንጠልጥሎ ይመጣና ይገናኛሉ። ጀርመኖች ይህን ጣቢያ "ሰርግ" ብለው ነው የሚጠሩት። ስሰማው ሳቅሁ፤ ሰርጉን ፋብሪካው ደግሶ ፍቺው ለእኛ ተረፈ ማለት ነው። ግን በቀልዱ ውስጥ አንድ እውነት አለ። ከስር የገባ ነገር ከስር ይወጣል። ቪትዝ የመሳሰሉት ትንንሽ የቤት መኪኖች ሞተርና ካምቢዮ በጎን ተጋድመው ከስር ካለ አንድ ተሻጋሪ ብረት ጋር የተያያዙ ናቸው። ከላይ ለማውጣት ትግል ነው፤ ራዲያተር ይነሳል፣ ቀለም ይፋቃል። ከስር ግን ሴሚያሶቹን ነቅለህ፣ መሪውን ለይተህ፣ ያን ብረት ከነሸክሙ ካሳረፍኸው አካሉ እንደ ክዳን ይነሳል። የቪትዝ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ብቻውን 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ኩንታል በቆሎ የሚሸከም የጃቢ ጠህናን ልጅ አያስጨንቀውም።

ነገር ግን ያ ተሻጋሪ ብረት ሲመለስ ድሮ የነበረበትን ቦታ ይዞ መመለስ አለበት። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ያለ ነው፤ ብረቱ ሁለት ሚሊ ወደ ጎን ቢሄድም ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ያልፋል። መኪናው ግን ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ጎማ ከውስጥ በኩል ይበላል። ደንበኛው ጎማ ሻጩን ይወቅሳል። እኔ ከመፍታቴ በፊት በነጭ ቀለም የብረቱን ዳር በዙሪያው አሰምረዋለሁ፤ ስመልሰው መስመሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስንቱ ጋራዥ ያደርገዋል? አልናገርም።

ባጃጅን እዚህ መጨመር አያስፈልግም ነበር፤ ግን ከተማውን የሞሉት እነሱ ናቸው። ባጃጅ ክሪክ አይፈልግም። ነዳጁ ይቀዳል፣ ሁለት ሰው ይዞ በጎኑ ያስተኛዋል፣ ሆዷ ፊት ለፊት ይሆናል። ከስር መሥራት ማለት ከጎን መሥራት ሆነ። አንዳንዴ ስደክም ዶልፊንንም እንዲሁ ማስተኛት ቢቻል እላለሁ።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መሸከሚያ አይደለም። ውስጡ ዘይትና አንዲት የጎማ ቀለበት ናት። ቀለበቷ ስታረጅ ዘይቱ በዝምታ ያልፋል። እኔ ረዳት ሆኜ ቡሬ የሠራሁበት አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ሚኒባስ በክሪክ ብቻ አንስተን፣ ርብራቡን "ከምሳ በኋላ" ብለን፣ ሽሮ ልንበላ ወጣን። ስንመለስ መኪናው አንድ ክንድ ወርዶ መሬት ላይ በተዘነጋ ጎማ ላይ አርፏል። ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልነካውም። እኔ ከምሳ በፊት የተኛሁበት ቦታ ላይ የቀረው ክፍተት ለውሻም አይበቃም ነበር። አለቃችን ምንም አላለም፤ ሄዶ ግንድ ቆርጦ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ርብራብ ሳይገባ ማንም ራሱን ከስር አያስገባም። ያን ጎማ ማን ረስቶት እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሁለተኛው ክፉ የጣት ነው። ሞተርና ካምቢዮ ሲጋጠሙ ቀዳዳ ከቀዳዳ መግጠሙን ለማወቅ ጀማሪ ሁሉ ጣቱን ይከታል። ጨለማ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ዓይን አይደርስም፤ ጣት ታውቃለች። በዚያች ሰከንድ ከዚያ ማዶ ያለው ሰው "ገባልኝ!" ብሎ ይገፋል። የግራ እጄ ሌባ ጣት ጫፏ ከዚያ ወዲህ ቀጥ አትልም። አሁን ልጆቹ ካቻቢቴ ነው የሚከቱት፤ ጣት ሲያስገባ ያየሁትን ዛሬ ከሥራ አስወጣዋለሁ። ጉድጓድ ያለበት ጋራዥ የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ፤ የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፣ ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ሲጋራውን ከላይ የጣለው ሰው አይቃጠልም፤ ከታች ያለው ነው።

ሹፌር አጠገባችን እንዲቆም የማንወደው ለምን እንደሆነ አሁን ልንገራችሁ። አንዱ ምክንያት ደግ ነው፤ መኪናው ከፍ ሲል ያየ ባለቤት ይደነግጣል፣ ይጮሃል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ይገፋል። ሁለተኛው ደግ አይደለም። ብዙ ጋራዥ "ሞተር ማውረጃ" ብሎ የሚያስከፍለው ሞተር ሳይወርድ ነው። ፍሪሲዮን ለመቀየር የሞተር መውረድ አያስፈልግም። ሞተሩን በጣውላ ደግፎ ካምቢዮውን ብቻ ማውጣት ይበቃል፤ ዶልፊንም ቪትዝም። ሒሳቡ ላይ ግን ሞተር ይወርዳል። በወረቀት ላይ ብቻ የወረደ ሞተር እጅግ ብዙ ነው።

እንዴት ታውቃላችሁ? ስልካችሁን መብራት አድርጋችሁ የሞተሩን ሱፖርት ብሎኖች እዩ። መፍቻ የነካው ብሎን ማዕዘኑ ላይ ያበራል፤ ዝገቱና አቧራው ዙሪያውን ክብ ተቆርጦ ይታያል። ያልተነካ ብሎን ከጎረቤቱ ብረት ጋር አንድ ዓይነት ቆዳ ለብሷል። ይህን ስለሚያውቁ ዘይትና አቧራ የሚቀቡ አሉ፤ ቅባቱ ግን እርጥብ ነው፣ በጣት ይለቃል። የዓመታት ጭቃ አይለቅም። ያረጀውን ፍሪሲዮን፣ ያረጀውን ፋሻ፣ ያረጀውን ጓርኒሲዮን በእጃችሁ ተቀበሉ፤ "ጣልነው" ካሏችሁ ቆሻሻው ገንዳ የት እንዳለ ጠይቁ።

ከዚህ በላይ የሚበልጠው የሞተሩ ቁጥር ነው። ብሎኩ ላይ ተመትቷል፣ ሊብሬያችሁ ላይ ተጽፏል። ሞተሩ መኪናው ውስጥ እያለ ቁጥሩን ለማንበብ መስታወትና ትዕግሥት ያስፈልጋል። መሬት ላይ ሲቀመጥ ግን በአንድ ጨርቅ ተጠርጎ ይነበባል። ያኔ ፎቶ አንሱ። ብሎክ ወደ ሌላ ከተማ ቶርኖ ቤት ሲሄድ፣ በተለይ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቆይ፣ ሲመለስ ያው ብሎክ መሆኑን የሚመሰክርላችሁ ያ ፎቶ ብቻ ነው። የኛ መንገድ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተዘጋና እንደተከፈተ የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያለ ዕቃ በስልክ ተከፍሎበት እዚህ ለመድረስ ወር የፈጀበት ጊዜ አለ። ያኔ ነው ልጆቹ ለመጣል ያሰቡትን ብሮንዚን በነጭ ጨርቅ ጠርገው ደግመው ሲያዩት የምታገኙ።

ሞተር አንዴ ከወጣ ደግሞ ሹፌሩ ሳይወድ በግዱ የሚከፍላቸው ነገሮች አሉ፤ ይህን ስግብግብነት አትበሉት። የኋላ ዘይት መያዣ ጎማ፣ ሱፖርቶቹ፣ የውሃ ፖምፓ፣ የታይሚንግ ቺንጋ። ዳሽቦርድ ላይ "ቲ-ቤልት" የምትለዋ መብራት በርታበት ዓመት የሞላው ሹፌር አውቃለሁ፤ መብራቷን በፕላስተር ሸፍኗት ነበር። ቺንጋው ሲበጠስ ግን ፕላስተር አይይዘውም። ሞተሩ ውጭ እያለ እነዚህ ነገሮች የዕቃ ዋጋ ብቻ ናቸው፤ ከተገጠመ በኋላ ከሆነ እንደገና አራት ሰው፣ ሁለት ክሪክ፣ አንድ ቀን።

አንዳንዱ ሰው "አሁን ኤሌክትሪክ መኪና መጣ፤ ሥራችሁ አለቀ" ይለናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። እኛ ግቢ ለጥገና የገባ እስካሁን የለም። ግን ፎቶውን አይቻለሁ። ባትሪው ከመኪናው ወለል ስር፣ ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር፣ እንደ ሰፊ ፍራሽ ተዘርግቶ በብሎን ተይዟል። የትልልቆቹ ባትሪ ከ400 ኪሎ በላይ ነው። ከላይ የሚወጣበት መንገድ ደግሞ የለም። ባትሪው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፣ ብሎኑ ይፈታል፣ አካሉ ይነሳል። ሳየው "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" አልሁ። ኤሌክትሪኩን አላውቀውም፤ እሱን ሳልማር አንድ ብሎን አልነካም። አነሳሱን ግን አውቀዋለሁ።

የዶልፊኑ ብሎክ ከባሕር ዳር በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ። ቁጥሩን ከፎቶው ጋር አስተያየሁት፤ ራሱ ነው። አገጣጠሙ ያው መንገድ ተመልሶ ነው፤ ሞተሩ ላሜራው ላይ ተስቦ ገባ፣ መኪናው ርብራብ በርብራብ ወደ ሞተሩ ወረደ። ወደ ማታ ተነሳ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ ምንም። ሹፌሩ እዚያው ሊነዳ ፈለገ። "ዛሬ አትሄድም" አልሁት፤ "ምን ቀረው ጋሼ?" አለኝ። ምንም አልመለስሁለትም፤ የሳሙና ካርቶን ፈትቼ ንጹሑን ገጽ ወደ ላይ አድርጌ ከሞተሩ ስር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አነጠፍሁ። ሞተር ከተገጠመ ማግስት ካርቶን የሚነግርህን ሌላ ማንም አይነግርህም። ፊት ለፊት የተንጠባጠበ ከሆነ የኮሎው የፊት ዘይት መያዣ ጎማ ነው። መሐል ከሆነ ኮፓው። ካምቢዮና ሞተር የሚጋጠሙበት ስር ከሆነ ሁሉንም እንደገና ታወርደዋለህ፤ ይቅርታ፣ መኪናውን እንደገና ታነሳዋለህ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና ጤዛው ሳይነሳ፣ ሹፌሩ ሲመጣ እኔ ከመኪናው ስር በደረቴ ተኝቼ ካርቶኑን በስልኬ መብራት እያነበብሁ ነበር። አንዲት ጠብታ አለች፤ ወደ ፊት በኩል። ጣቴን ነክሬ አሸተትኋት። ውሃ ናት፤ የራዲያተሩ ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ነው። "መፍቻ ስምንት ቁጥር አቀብለኝ" አልሁት።